አሥራ አምስተኛው ምልክት

በዚያ ዓመት ጉዋም ደሴት ላይ ታይፉን የሚሉት ከባድ ዐውሎ ነፋስ ሁለት ጊዜ መጣ። አንዱ በሐምሌ፣ ሌላው በታኅሣሥ መግቢያ። የሐምሌው ሙዙን ወሰደ። የታኅሣሡ ጣሪያውን ወሰደ። መብራት ጠፋ። የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ፤ ውሃ በቦቴ እየመጣ በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በወረፋ መታደል ጀመረ። የደቡቡ ቀይ አፈር ከኮረብታ ተንዶ መንገዱን ሞላ። መንገዱን በግሬደር ጠረጉት፤ መኪና የሚያጥብበት ውሃ ግን ማንም አልነበረውም። ከዚያ ዝናቡም ቀረ። አራት ሳምንት ሙሉ የደሴቱ መኪና ቀይ ጭቃ እንደለበሰ ደረቀ። በሙቀቱ ሦስት አሮጊቶች ሞቱ። መርከብ አልመጣም።

መርከብ ባለመምጣቱ አፕራ ወደብ ላይ ያለው የመኪና ግቢ ሞላ። ወታደር ከደሴቱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር መኪናውን መንግሥት በመርከብ ይልክለታል። ባለመኪናው መኪናውን አጥቦ፣ ቤንዚኑን ከሩብ ታንክ አሳንሶ፣ ቁልፉን አስረክቦ በአውሮፕላን ይሄዳል። መኪናው መርከብ ይጠብቃል። በሌላ ጊዜ ጥበቃው አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ወቅት አርባ ሦስት መኪኖች ፀሐይ ላይ ተደርድረው ከረሙ።

በመጨረሻ መርከቡ ሰኞ እንደሚገባ ተነገረ። ሦስተኛ ነፋስ በምሥራቅ እየተጠራቀመ ስለነበር ካፒቴኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አንድ ደቂቃ አልቆይም ብሏል።

እሑድ ጠዋት የግቢው መኪና ተረካቢ ሞተው ተገኙ።

ስማቸው ቪሴንቴ ናፑቲ ነው። በደሴቱ ትልቅ ወንድ ቱን፣ ትልቅ ሴት ታን ስለሚባሉ ሁሉም ቱን ቤን ይላቸው ነበር። ለንጋቱ ቅዳሴ ከቤታቸው ወደ አጋት መንደር ቤተ ክርስቲያን በእግር ሲሄዱ መኪና ገጭቷቸው ከመንገዱ ዳር ረጅሙ ሣር ውስጥ ወድቀዋል። ያገኟቸው ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው።

ኢንስፔክተር ካርመን ታይማንግሎ ስትደርስ አንድ ሰዓት ሆኗል። ካርመን ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጭር ሴት ናት። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ሃያ ዓመት ጉምሩክ ውስጥ ሠርታለች። ስታስብ ፑጉዋ የሚሉትን ፍሬ ታኝካለች፤ ፍሬው ከንፈሯን አቅልቶታል።

«ሁለቱም እግር ተሰብሯል» አላት ሐኪሙ። «ጭንቅላታቸውን ደግሞ ድንጋይ አግኝቶታል።»

«የቱ ጋ ነው የተሰበረው?»

«ከጉልበት በታች። አንድ ስንዝር ያህል።»

ካርመን አስፋልቱን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሃምሃምሳ እርምጃ ሄደችበት። የፍሬን ምልክት የለም። አንዲት ስባሪ መስታወት የለችም። ተመልሳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቱን ቤን ለቅዳሴ ነጭ ሱሪ ለብሰዋል። ደም ከውስጥ ወጥቶ ጨርቁን አርሶታል። መኪናው የመታበትን ቦታ በጣቷ ገልጣ አየችው። ከዚያ ጣቷን ራሱን አየችው።

አዛዡ ዱዌኛስ ከመኪናው ወረደ።

«አትድከሚ፣ ካርመን። የመኪና ግቢውን ሠራተኛ ሮኬ ኪቱግዋን ከቤቱ አውጥተነዋል። የፒካፑ የፊት መብራት ተሰብሯል። ዓርብ ዕለት ቱን ቤንን በሰው ሁሉ ፊት ረግሟቸዋል። እሑድ ንጋት የት ነበርክ ስንለው፣ ከውሻዬ ጋር ተኝቼ አለ። ውሻ ምስክር አይሆንም።»

«አንዳንዱ ምስክር ከውሻ ያንሳል።»

«ነገ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ይከፍታል። ሆን ብሎ መግደል ነው። ዕድሜ ልክ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በአሥር።»

«እስከ አሥር ተወኝ» አለች ካርመን። ከኮረብታው ማዶ ሰማዩ ነሐስ መስሏል። ነፋስ ግን አልነበረም፤ ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሮኬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው እባብ ፍለጋ ነው። የደሴቱ እባብ መኪና ውስጥ ተደብቆ ሌላ አገር እንዳይገባ፣ ከግቢው የሚወጣውን መኪና ሁሉ በትንሽ ነጭ ውሻ ያስፈትሻል። ውሻዋ ዶኔ ትባላለች።

ካርመን ወደ እስር ክፍሉ ስትገባ ብድግ አለ።

«ታን ካርመን፣ ዶኔን ማን አበላት?»

«እኔ። አንድ ጣሳ ሥጋ ጨረሰችና እጄን ልታስከትል ነበር።»

«ሴት ፖሊስ አትወድም።»

«አንተስ?»

«ዛሬ እኔም አልወደድኩም።»

ካርመን አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ዓርብ ምን ተባባላችሁ?»

«ሁሉም ሰምቷል።»

«እኔ አልሰማሁም።»

ሮኬ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «‹እናትህ ከእኔ በፊት ነው ደረቅ ቤት ያደረችው› አሉኝ። እኔም ‹የቀረው ጣሪያ በላይህ ይውደቅ› አልኩ። ቱን እንኳን አላልኳቸውም።»

«ስለ እናትህ ያሉት ምን ማለት ነው?»

«የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ በትልቁ ታይፉን የእኛ ጣሪያ ሄደ። አባት አልነበረንም። ስምንት ዓመቴ ነው። ቱን ቤን የራሳቸው ቤት ሳይከደን የእኛን መጥተው ከደኑ። በክፍያ አይደለም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። እናቴ ስትሞት ‹ያ ጣሪያ በእኛ ላይ ዕዳ ነው፤ አንተ ትመልሰዋለህ› አለችኝ። ይኸው የእሳቸው ጣሪያ ደግሞ በታኅሣሥ ሄደ። አራት ሳምንት ሙሉ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ድካም ነበር፣ ትርፍ ሰዓት ነበር። ነገ፣ ነገ። እሳቸው ላስቲክ ሥር ያድራሉ፣ እኔ ለሰው መኪና እባብ እፈልጋለሁ።» ቀና አለ። «እውነታቸውን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።»

«መብራትህስ?»

«ኮኮናት ወረደበት። በታኅሣሡ ነፋስ።»

«ፒካፕህን ከዚያ ወዲህ አጥበኸው ታውቃለህ?»

«በምን? በምራቄ?»

የቱን ቤን ቤት ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተወጥሯል፤ በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ ተጭኖበታል። ከሥሩ ሴቶች ነገ ማታ ለሟቹ ለሚጀምሩት የዘጠኝ ቀን የመቁጠሪያ ጸሎት ወንበር ይደረድራሉ። ባለቤታቸው ታን ቺላንግ ሩዝ ይለቅማሉ። ለምን እንደሚለቅሙት ማንም አልጠየቃቸውም።

«ከሚጠጣው ቀንሼ ነው ያንን ሱሪ ያጠብኩለት» አሉ ካርመንን ሲያዩ። «ለቅዳሴ ንጹሕ ልሁን አለኝ። ነጭ አደረግኩለት።»

«ነጭ መሆኑ በጀን፣ ታን ቺላንግ። በዚህ ሳምንት ባልዎ ምን ሆነው ነበር?»

አሮጊቷ እጃቸውን ከሩዙ አወጡ። «ሐሙስ ጀሪካን ይዞ ወደ ውሃ ወረፋ ሄደ። ሁለት ሰዓት ተሰልፎ ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣ። ‹ውሃውስ?› ስለው ‹ረሳሁት› አለኝ። ውሃ ረሳ፤ አስቢው እስቲ! ከዚያ ‹ቺላንግ፣ በእጄ ተረክቤ የቆለፍኩትን መኪና ወረፋው ላይ አየሁት፤ ስድስት ሰው ጭኗል› አለ።»

«የማን መኪና?»

«አልተናገረም። ‹እስከ ሰኞ ራሱ ሄዶ እንዲናገር ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ነው ያለው። ‹ለማን?› አልኩት። ‹ለቤተሰብ› አለኝ።»

«የትኛው ቤተሰብ?»

«ካርመን ልጄ፣ በዚህ መንደር ቤተሰብ ያልሆነ ማን አለ?»

ላስቲኩ አንድ ጊዜ ተነስቶ ወደቀ። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩት። ነፋሱ መጀመሩ ነው።

ሰኞ ጠዋት መርከቡ ገብቶ ነበር። አፉን ከፍቶ ግቢውን ፊት ለፊት ያያል። የግቢው ኃላፊ ጎዮ ማኒቡሳን በሩ ላይ ካርመንን ተቀበላት። ጎዮ ግዙፍ ነው፤ ሲስቅ ሆዱ ይነቃነቃል። በሚመጣው ምርጫ ለአጋት ከንቲባነት ይወዳደራል። በታይፉኑ ወቅት የእሱን ያህል ሰው የረዳ የለም ይባላል። የቱን ቤን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና አባትም ነው።

«ካርመን! ለሐዘን መጣሽ ለሥራ?»

«ለሁለቱም። እነዚህ መኪኖች እንዴት ያበራሉ!»

«ሕግ ነዋ። የጭቃ እንጥብጣቢ ካለበት በዚያኛው አገር አይቀበሉትም። ላቫጆው የራሱ የጉድጓድ ውሃ አለው። ዘንድሮ ንጹሕ መኪና ማየት የፈለገ ሰው እዚህ ነው የሚመጣው።»

«ቁልፎቹ የት ናቸው?»

«ቢሮ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ። የርክክብ ቅጾቹም እዚያው መሳቢያ ውስጥ። የቢሮው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የቱን ቤን።»

«የሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። ሮኬስ?»

«ሮኬ ውሻውን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ በሰው ላይ ክፉ አልናገርም፤ ግን ያ ልጅ ቁጡ ነው።»

«ቱን ቤን እንዴት ያለ ሠራተኛ ነበሩ?»

«ኧረ ተዪኝ!» ጎዮ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። «ወረቀት አስጨራሽ! መኪናውን የሚዞሩት እንደ መቁጠሪያ ነው። በሾፌሩ በኩል ካለው የፊት መብራት ይጀምሩና በአፍንጫው አልፈው፣ በተሳፋሪው ጎን፣ በኋላ፣ ዞረው ሾፌሩ በር ላይ ያበቃሉ። ያዩትን ጭረት ሁሉ በተራው ቁጥር ይሰጡታል። አንዲት ጭረት ካመለጠቻቸው ጉድ ነው፤ ቅጹን ቀደው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ባለመኪናው በፀሐይ ቆሞ ይራገማል። አንድ ቀን ለአንድ መኪና አምስት ቅጽ! ‹ቱን ቤን፣ መጨረሻ ላይ ይጨምሩት እንጂ› እላቸው ነበር። እሺ ብለው አያውቁም።»

«አሁን ማን ይረከባል?»

«እኔው ነኛ። ትናንት ከሰዓት አንዱን ተረክቤያለሁ፤ ያውልሽ ባለቤቱ።»

የባሕር ኃይሉ የበታች ሹም ዴል ሃልቨርሰን ጥላ ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቀጭን፣ ፀሐይ የላጠው ሰው ነው።

«ቱን ቤንን ሦስት ጊዜ ሰድበዋቸዋል ይባላል» አለችው ካርመን።

«አራት ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ መለሱኝ። ‹ከላይም ከሥርም ጭቃ አለ› ይሉኛል። በሆዴ ተኝቼ ያለ ውሃ በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁት! ቅዳሜ ማታ ደግሞ ‹አሁንም ቀይ ነው› አሉኝ። ዛሬ ካልተጫነ ደግሞ ለሁለት ወር መርከብ የለም፤ ሚስቴ ከሦስት ልጆች ጋር አውቶቡስ ስትጋፋ ልትከርም ነው።»

«ስለዚህ ሞታቸው ጠቀመዎት።»

ሰውየው ቀላ። «ትናንት አቶ ማኒቡሳን ያለ ወረፋ ላቫጆውን ፈቀዱልኝ። አጠብኩ፣ አስረከብኩ። ጥፋት ከሆነ ይፈረድብኝ።»

«ሲያጥቡት ከፊት ምን ይመስል ነበር?»

«የደረቀ ቀይ ግንብ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።»

ካርመን ፑጉዋዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዛወረች። ከዚያ ቅጾቹን ተቀብላ በአርባ ሦስቱ መኪኖች መሃል ብቻዋን ሄደች። በየመኪናው መስኮት አጎንብሳ የማይል ቆጣሪውን ታያለች፤ ቅጹን ታያለች፤ ታልፋለች። ንፋሱ ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቅ ይታገላታል። በወደቡ ምሰሶ ላይ የማስጠንቀቂያው ባንዲራ ተሰቅሏል።

ሁለተኛውን ዙር ስትዞር ፊታቸውን ብቻ አየች። አፍንጫቸው የሰረጎደ አራት ነበሩ። የአራቱንም ቅጽ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። የአራቱም ግጭት በቅጹ ላይ ሰፍሯል። በአራቱም ላይ የቱን ቤንና የባለመኪናው ፊርማ አለ። ቀናቸው ከአደጋው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቀድማል።

«አየሽ?» አለ ጎዮ ከትከሻዋ በላይ። «ሁሉም ቱን ቤን ራሳቸው የመዘገቡት ነው። ነፋስ ያደረገው ነው።»

«አየሁ» አለች ካርመን። ጣቷን አንዱ ቅጽ ላይ አስቀምጣ በከንፈሯ ቆጠረች። «ጎዮ፣ ስልኩ ይሠራል?»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ሞላ። ዱዌኛስ ሮኬን በካቴና ይዞት መጣ። ታን ቺላንግ ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሃልቨርሰን መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ጎዮ በጠረጴዛው ጫፍ ተደግፎ እጁን አጣመረ። በውጭ መኪኖች አንድ በአንድ ወደ መርከቡ አፍ ይገባሉ።

«ሁለት ሰዓት ቀርቶሻል» አላት ዱዌኛስ።

«ግማሹ ይበቃኛል። መጀመሪያ ፒካፑን እናውጣ። መንገዱ ላይ ስባሪ መስታወት አልነበረም። የሮኬ መብራት እዚያ ቢሰበር መሬቱ ይናገር ነበር። የፒካፑ ፓራውልት ደግሞ ሰው ጭን ላይ ነው የሚመታው። ቱን ቤን የተመቱት ከጉልበት በታች ነው። የገጫቸው ዝቅ ያለ መኪና ነው። ፍሬንም አልያዘም።»

«ዝቅ ያለ መኪና ሞልቷል» አለ ዱዌኛስ።

«ሞልቷል። ሱሪያቸው ነጭ ነበር። ታን ቺላንግ ከሚጠጣ ውሃ ቀንሰው ያጠቡት ነው። መኪናው በመታበት ቦታ ላይ ደም አለ፤ የሣር ጭማቂ አለ፤ ቀይ አፈር የለም። አዛዥ፣ የራስህ መኪና ፊቱን በነጭ ጨርቅ ንካው እስቲ።»

ዱዌኛስ በመስኮቱ ወደ መኪናው አየ። የእሱም መኪና ከመንደሩ መኪና የተለየ አልነበረም።

«አራት ሳምንት ሙሉ ማንም መኪና አላጠበም። የገደላቸው ግን ንጹሕ መኪና ነው። ዘንድሮ ንጹሕ መኪና ያለው አንድ ቦታ ነው። ጎዮ ራሱ ነግሮኛል።»

ሃልቨርሰን ፈጠን ብሎ «የእኔ እኮ…» አለ።

«የእርስዎ እሑድ ንጋት ላይ ቀይ ግንብ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቱን ቤን የመለሱትም ለዚያ ነው። ያጠቡት ከሞቱ በኋላ ነው። ይቀመጡ።»

ሃልቨርሰን ወንበር አልነበረውም፤ መስኮቱን ተደገፈ።

«ስለዚህ ከግቢው አንድ መኪና ወጥቷል። አንድ ብቻ ቢሆን በቆጣሪው እለየው ነበር። ቆጣሪያቸው ቅጹ ላይ ከተጻፈው የበለጠ አሥራ አንድ መኪኖች አገኘሁ። አንዱ ሦስት መቶ ማይል ሄዷል፤ ቆሞ መርከብ ሲጠብቅ። ቱን ቤን ሐሙስ ዕለት ውሃ ወረፋ ላይ ያዩት ከእነዚህ አንዱን ነው። አንድ ሰው የወታደሩን መኪና ታይፉን መኪና ላሳጣቸው ቤተሰቦች ያውሳል። ቤተሰቦቹ ያመሰግኑታል። የምርጫው ቀን ሲመጣም አይረሱትም።»

ማንም ወደ ጎዮ አላየም። ሁሉም ላለማየት ሲሞክር ታየ።

«ሰው መርዳት ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ጎዮ ቀስ ብሎ።

«እሱን ቱን ቤን ፈርደውበት ነበር። ‹እስከ ሰኞ ራስህ ተናገር› አሉህ። ቤተሰብ ነህና ጊዜ ሰጡህ።»

«የትኛው መኪና ነው?» አለ ዱዌኛስ። ድምፁ ተቀይሯል።

ካርመን አራቱን ቅጾች አነሳች። «አፍንጫቸው የሰረጎደ አራት አሉ። ቱን ቤን መኪና የሚዞሩት እንደ መቁጠሪያ ነው። ከሾፌሩ መብራት ይጀምራሉ፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ምልክት አፍንጫው ላይ ነው። ይኸው፣ በዚህኛው ግጭቱ ቁጥር ሁለት ነው። በዚህኛው ሦስት። በዚህኛው ሁለት።» አራተኛውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህ ሰማያዊ ሱባሩ ነው። የአንዲት የባሕር ኃይል ነርስ ነው፤ ወደ ቨርጂኒያ ተዛውራ ሄዳለች። ቁጥር አንድ የሾፌሩ መብራት ላይ፣ ሁለት ፓራውልቱ ላይ፣ እያለ ዞሮ አሥራ አራት የሾፌሩ በር ላይ ያልቃል። ከዚያ አሥራ አምስት ተመልሶ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ነው።»

«ረስተውት ተመልሰው ይሆናል!» አለ ጎዮ።

«ቢረሱት ቅጹን ይቀዱ ነበር። አምስት ጊዜም ቢሆን። ‹መጨረሻ ላይ ይጨምሩት› ስትላቸው እሺ ብለው አያውቁም። ይህንንም የነገርከኝ አንተ ነህ።»

በውጭ የአንድ መኪና ጎማ በመርከቡ ብረት ላይ አንኳኳ።

«አዲስ ቅጽ መጻፍ አትችልም ነበር» ስትል ቀጠለች ካርመን። «የነርሷ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በስምንት ሺህ ማይል ርቀት ላይ ናት። ቁጥሮቹንም መለወጥ አትችልም፤ በቀለም የተጻፉ ናቸው። የቀረህ አንድ ቁጥር መጨመር ነበር። መኪናው ቨርጂኒያ ሲደርስ ሴትዮዋ ‹ይህ ግጭት የእኔ አይደለም› ትላለች። ካሣ ይሰጧታል፤ ወረቀቱ ይዘጋል። ጉዋም ላይ አንድ ሽማግሌ መሞታቸውን ማን ያስታውሳል? በደሴት ላይ መኪና የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ከመርከብ በቀር።»

«ግምት ነው!»

«ግምት ነበር። ለባለመኪናው የሚሰጠው ሮዝ ቅጂ አለ። አምስት ሰዓት ላይ ደወልኩላት። እዚያ እሑድ ማታ ነው፤ ልጆቿን እያስተኛች ነበር። ‹በቅጂሽ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው?› አልኳት። ወረቀቷን ፈልጋ አመጣችና ‹አሥራ አራት› አለችኝ። ‹ኮፈኑ ላይስ?› ስላት ‹ኮፈኑ ላይ ምንም የለም፤ ለምን? መኪናዬ ምን ሆነ?› አለች። ምን ልመልስላት?»

ጎዮ አንገቱን ደፋ። ትልቁ አካሉ ድንገት ያነሰ መሰለ።

«የቢሮው ቁልፍ ሁለት ነው» አለች ካርመን። «አንዱ ከሬሳው ጋር ነበር።»

«እኔ ለራሴ አልተጠቀምኩም» አለ ጎዮ። «አንዲት ሳንቲም አልወሰድኩም። ስድስት ልጅ ይዘው ውሃ በእግራቸው ለሚያመላልሱ ነው የሰጠሁት። እዚህ ቆሞ ለሚዝግ መኪና! ለመንኳቸው። ‹ቱን ቤን፣ መርከቡ ይሂድ፣ ከዚያ አንድም አልነካም› አልኳቸው። ‹ፈርሜ ተረክቤዋለሁ› አሉኝ። ይህን ብቻ። ‹ፈርሜ ተረክቤዋለሁ።› ሥራዬ ይሄዳል፣ ምርጫው ይሄዳል፣ እታሰራለሁ። እሑድም ላናግራቸው ነው የወጣሁት…»

«የራስህ መኪና እያለህ?» አለች ካርመን።

ጎዮ ከጠረጴዛው ጫፍ ተነሥቶ ቆመ።

ታን ቺላንግ ከወንበራቸው ተነሱ። ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። «ቅዳሜ ማታ ሱሪውን ሳሰጣ አየኸኝ» አሉት። «በአጥሩ በኩል አልፈህ ‹ታን ቺላንግ፣ ቱን ቤን ነገ በስንት ሰዓት ነው ቅዳሴ የሚሄዱት?› ብለህ ጠየቅከኝ። እኔው ነገርኩህ።»

ዱዌኛስ ካቴናውን ከሮኬ እጅ አወጣ። ለማን እንደሚያስገባው መጠየቅ አላስፈለገውም። ቀጥሎ ሬዲዮኑን አንስቶ ወደ መርከቡ ተናገረ። ሰማያዊው ሱባሩ መወጣጫው አጋማሽ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወደ ኋላ አወጡት። አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ አርባ ሁለት መኪኖች ጭኖ ወጣ። ሃልቨርሰን የእሱ በውስጡ መኖሩን ቆሞ አየና ለማንም ሳይሰናበት ሄደ።

ካርመን ሮኬን በመኪናዋ ወሰደችው። ዶኔ ጭኑ ላይ ተኝታለች።

«ቤትህ ላድርስህ?»

«ቤቴ። ግን አይሂዱብኝ። ከጓሮ ቆርቆሮ አለኝ፣ አሥራ ስምንት። ይጭኑልኛል?»

ቱን ቤን ቤት ሲደርሱ የመጀመሪያው ምሽት የመቁጠሪያ ጸሎት ተጀምሯል። ነፋሱ ላስቲኩን እያርገበገበ የሴቶቹን ድምፅ ይቆራርጠዋል። ሮኬ ወደ ውስጥ አልገባም። መሰላል ተበድሮ ወጣ። ድንጋዮቹን አወረደ፤ ላስቲኩን ገፈፈ፤ ምስማር በጥርሱ ይዞ ጀመረ።

ታን ቺላንግ በር ላይ ወጡ። «ሮኬ፣ ጸሎት ላይ ነን። ግባ።»

«ነፋሱ ሳይደርስ ልጨርስ፣ ታን ቺላንግ። መዶሻው ይረብሻችኋል?»

አሮጊቷ ወደ ላይ አዩት።

«ምታ» አሉት።

ሴቶቹ ጸሎቱን በመዶሻው መሃል ቀጠሉ። ጎረቤት ሁለት ሰዎች ወጡና ቆርቆሮ ያቀብሉት ጀመር። ካርመን ከታች መብራት ያዘችላቸው። የመጨረሻው ምስማር ሲገባ ሮኬ ወርዶ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ታን ቺላንግ እጁን ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«የእናትህ ዕዳ ተመለሰ» አሉት።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከውስጥ ማንም አልረጠበም።